ስልክን ከሬዲዮ ያጋባው ሳጥን

በውሃ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ቢፈለግ ከአስተዳደር ጸሐፊዋ በቀር የሚገኝ አይመስለኝም። ለሌላው ሁሉ «ማዕከል» ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሬዲዮ «ማዕከል፣ ማዕከል፣ ይሰማል?» ሲሏት ኖረው መጠሪያው ተለጥፎባት ቀረ። መንገድ ላይ የሚያገኟት ሠራተኞች «እትዬ ማዕከል» ብለው ሰላም ይሏታል። ልብስ ሰፊው ባሏ እንኳ ሊያበሽቃት ሲፈልግ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «ማዕከል፣ ምሳ ደርሷል ወይ?» ይላታል። እሷም ከጓዳ ሆና «አልደረሰም፣ ባሉበት ይጠብቁ» ትለዋለች።

የመገናኛ ክፍሉ ከግቢው በር አጠገብ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ መስኮት፣ አንገተ ረጅም ማይክሮፎን ያለው የጠረጴዛ ሬዲዮ፣ አንድ ስልክ፣ ግድግዳውን የሞላ የቧንቧ ካርታ፣ መደገፊያው የተላላጠ ወንበር። በከተማው ሥር የተቀበረው ቧንቧ ሁሉ ካርታው ላይ አለ። ካርታው የማያውቀውን ደግሞ እሷ ታውቀዋለች፦ የትኛው ቫልቭ በግራ እንደሚዞር፣ የትኛው ማንሆል ላይ ነዳጅ የጨረሰ ታክሲ ቆሞ እንደሚውል።

ሥራዋ ሲነገር ቀላል ነው። የቢሮ ሰዎች ስልክ እንጂ ሬዲዮ የላቸውም። የመስክ ሠራተኞች ሬዲዮ አላቸው፤ ስልኩን ግን እጃቸው ጭቃ ስለሆነ አያነሱትም። እሷ መሃል ተቀምጣ ከወዲህ የሰማችውን ወዲያ ታደርሳለች። ስታደርስ ታዲያ እንዳለ አታቀብልም፤ ታጠልለዋለች። የጥገና ሥራው ኃላፊ በስልክ «እነዚያ እንቅልፋሞች እስካሁን ምን ይሠራሉ?» ሲላት፣ በሬዲዮ «ኃላፊው ሥራው የት እንደ ደረሰ ይጠይቃሉ» ትላለች። ከመስክ ሠራተኞቹ አንዱ የሆነው ቧንቧ በያጁ «ከቸኮለ ራሱ መጥቶ ይቆፍራ!» ሲል፣ ለኃላፊው «ድንጋዩ ስለ ጠነከረ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋሉ ጌታዬ» ብላ ትመልሳለች። በዚህ ዓይነት ሁለቱም ወገን ሌላው ጨዋ ሰው ነው ብሎ እያመነ ዓመታት አለፉ።

የማትደራደርበት አንድ ሥርዓት ነበራት። ሰው ትልቁ ቧንቧ ውስጥ ለብየዳ ከገባ፣ ያው የገባው ሰው በገዛ አፉ «ወጥቻለሁ» ሳይላት ቫልቭ አይከፈትም። ረዳቱ «ወጥቷል» ቢል አይበቃትም፣ ኃላፊው «ወጥቷል» ቢል ጭራሽ አይበቃትም። የገባበትን ሰዓት በትልቁ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፤ ድምፁን ስትሰማ ትሰርዛለች።

ሳጥኑ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ውስጡ ሲም ካርድ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ከሬዲዮው የሚያያይዘው ሽቦ ይወጣል። ይዛው የመጣችው ወጣት ቴክኒሻን እየገጠመች አስረዳቻት።

«ነገሩ ቀላል ነው እትዬ። ከሞባይል ወደዚህ ቁጥር ይደወላል። ደዋዩ ሲናገር ሳጥኑ ድምፁን ሰምቶ ሬዲዮውን ይከፍተዋል። ዝም ሲል ይለቀዋል፤ ያኔ የመስክ ሰዎች ይመልሱለታል።»

«ዝም ካላለስ ልጄ?»

ቴክኒሻኗ ሳቀች። «መቼም ሰው ትንፋሽ ይወስዳል!»

ማዕከል አልሳቀችም። የቢሮ ሰዎችን ታውቃቸዋለች።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ለሁለት ሳምንት ይሞከራል፣ ከቴክኒሻኗ በቀር ሳጥኑን ማንም እንዳይነካ ብሎ ማስታወቂያ አስለጠፈ። ሙከራው ከሠመረ ምን እንደሚሆን ግን አልነገራትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የከተማውን ወሬ ሁሉ ቀድማ የምትሰማው ሴት የራሷን ጉዳይ የሰማችው ከሁሉም በኋላ ነው። የመገናኛ ክፍሉ ሊዘጋ፣ እሷም ወደ መዝገብ ቤት ልትዛወር ደብዳቤው ተጽፎ በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ መቀመጡን ጸሐፊዋ በሹክሹክታ ነገረቻት።

በዚያ ምሽት ባሏ የስፌት መኪናውን አቁሞ ሊያጽናናት ሞከረ።

«መዝገብ ቤት ምን አለው? ጥላ ነው፣ ጸጥታ ነው።»

«እሱን ነው የምልህ፤ ጸጥታ ነው። እዚያ ማን ይጣራኛል?» አለች። ባሏ ክሩን ቢያስገባ ቢያስገባ መርፌው እምቢ አለው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሳቅ ነበሩ። ኃላፊው በሞባይሉ በቀጥታ ገብቶ «እናንተ እንቅልፋሞች!» ሲል፣ አሥራ አራት መኪና ሙሉ ሰው ያልጠለለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። በያጁም ያልጠለለ መልስ ሰጠው። ማክሰኞ ደግሞ ኃላፊው መስመሩን ሳይዘጋ ሌላ ስልክ አነሳና፣ ደዋይ ሲጠብቅ የሚሰማው የስልኩ ሙዚቃ በየሬዲዮው ተለቀቀ። የቁፋሮ መኪናው ሹፌር ጉድጓድ አፋፍ ላይ ትከሻውን ሲሰብቅ ታየ አሉ።

ረቡዕ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከኮረብታው ማዶ ያለው ማጠራቀሚያ ሬዲዮ አይደርሰውም። ጠባቂው ሽማግሌ የውሃውን ልክ ለመናገር በየቀኑ አቀበቱን ወጥተው፣ ሬዲዮ ከሚይዝበት ጫፍ ላይ ቆመው ይጣሩ ነበር። በዚያ ቀን በልጃቸው ሞባይል ከበራቸው ላይ ተቀምጠው ደወሉ።

«ማዕከል፣ ሦስት ሜትር ከግማሽ ነው። ዛሬ ጉልበቴ አረፈ ልጄ» አሉ። ከዚያ ስለ ውሻቸው፣ ስለ ነፋሱ ቀጠሉ፤ ሊዘጉ አልፈለጉም። ማዕከል ሳጥኑን ልትጠላው ቆርጣ ተነሥታ ነበር፤ ሽማግሌውን ስትሰማ ግን ሳትወድ በግዷ ደስ አላት። በራሷም ተናደደች።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በያጁ «ገብቻለሁ» አላት። ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሄድበት ዋናው ቧንቧ ነው፤ ከውስጥ ሊበይደው ነው። ጻፈች። ሁለት ኪሎ ሜትር ወዲያ፣ ቫልቩ ዘንድ፣ በእርጋታው «ጋሽ ቀስ» የሚባለው የቫልቭ ሠራተኛ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

ልክ አራት ሰዓት ሲሆን የኃላፊው ድምፅ ገባ። እንግዶች ይዞ ገበያውን ያስጎበኛል። ብየዳው በአራት ሰዓት ያልቃል የሚል ወረቀት ጠዋት አንብቦ ስለ ነበር፣ አልቋል ብሎ ደመደመ።

«ጋሽ ቀስ! ሥራው አልቋል፤ ውሃውን ልቀቀው!»

«እሺ ጌታዬ» አለ ጋሽ ቀስ። ቃሉ የአለቃ ነው፤ አለቃ በቀጥታ ሲያዝዘው ደግሞ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው።

ማዕከል አዝራሩን ተጫነች። «ጋሽ ቀስ፣ ቁም! ሰው አለ!»

ድምፅዋ አልወጣም። ኃላፊው ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ከትቶት፣ የቆመው የካሴት ሱቅ ድምፅ ማጉያ ሥር ነበር። ሳጥኑ የታዘዘውን ነው የሠራው፦ ድምፅ ሰማ፣ ሬዲዮውን ከፈተ። ዘፈኑ ትንፋሽ አይወስድም። በየመኪናው፣ በየሠራተኛው ወገብ ላይ ከበሮና ክራር ብቻ ይሰማል። ሌላ ማንም መናገር አይችልም።

ለኃላፊው ደወለች፤ ተይዟል። ለጋሽ ቀስ ደወለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ ግን ሁለት እጁ መዘውሩ ላይ ነው። የበያጁ ረዳት ከጉድጓዱ አፋፍ ሆኖ ዘፈን እየሰማ ነው። ቫልቩ እስኪከፈት ስልሳ ዙር ይዞራል። በያጁ የኤሌክትሪክ ማሽን በእጁ ይዞ፣ እርጥብ ብረት ላይ ተንበርክኮ ነው ያለው። ቤቱ ሦስት ልጆች አሉት፤ ሦስቱም ሲወለዱ የምሥራቹን በዚህ ሬዲዮ የነገረችው እሷ ናት።

ማስታወቂያውን አየችው። «ማንም እንዳይነካ» ይላል። ሳጥኑን ከነቀለች የሚባለው ገባት፦ ወንበሯን ልታድን ብላ ሆን ብላ አበላሸችው ነው። ምስክር የላትም።

ሽቦውን ይዛ ነቀለችው።

ዘፈኑ ተቆረጠ። «ጋሽ ቀስ ቁም! ቁም! ዝጋው! ሰው አለበት!»

የጋሽ ቀስ የተረጋጋ ድምፅ መጣ። «አሥራ አራተኛው ዙር ላይ ነኝ። ቆሜያለሁ። እየዘጋሁ ነው።»

ረዳቱን በስሙም በቅጽል ስሙም ጠራችው። «አስወጣው! አሁኑኑ!» ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እሷ አንድ ሰዓት ነበር ትላለች፤ መዝገቡ ላይ ግን አራት ደቂቃ ነው የተጻፈው።

«ማዕከል» አለ በያጁ እያለከለከ። «ወጥቻለሁ። ጫማዬ ግን እዚያው ቀርቷል።»

ስሙን ሰረዘች። ብዕሩን አጥብቃ ስለጎተተችው ወረቀቱ ተቀደደ።

ኃላፊው ዓይኑ ደም መስሎ መጣ። እንግዶቹ ፊት መስመሩ ተቋርጦበታል። «ማነው የነቀለው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለችና መዝገቡን ገልብጣ ሰጠችው። አነበበ። ሦስት ሰዓት፣ ገባ። አራት ሰዓት ከስምንት፣ ወጣ። በመካከሉ የራሱ ትእዛዝ ከነቃሉ ተጽፏል። ቀይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ በበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ልገድለው ነበር» አለ። ቀጥሎም «ይህንን ሳጥን ዛሬውኑ አውጪልኝ። አላየውም!» አለ።

አሁን ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ሳጥኑ ይሄዳል፣ ወንበሩ ይቀራል፤ ማንም አይወቅሳትም። ነገር ግን እኚያ ሽማግሌ ከነጉልበታቸው ወደ አቀበቱ ሊመለሱ ነው።

«የለም ጌታዬ» አለች። «ሳጥኑ ምን አጠፋ? ሥርዓት ያላስተማርነው እኛ ነን። ስልኩ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይጥራ። ላሳልፈው የሚገባ ከሆነ አሳልፈዋለሁ፤ መቁረጥም ካለብኝ መቁረጫው በእጄ ይሁን። የቫልቭ ትእዛዝ ግን በስልክ አይገባም፤ የርስዎም ቢሆን።»

ኃላፊው ቴክኒሻኗን አስጠራ። «ይቻላል?» ብሎ ጠየቃት።

«የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለች ልጅቷ፣ ማዕከልን አይታ አንገቷን ደፍታ። «መጀመሪያውኑ እትዬን ብጠይቅ ኖሮ እንደዚህ ነበር የምገጥመው።»

ኃላፊው እሺ አለ። ስለ ደብዳቤው ግን አልተነፈሰም። ማዕከልም አልጠየቀችም፤ የሚቀጥሉትን ቀናት የቢሮ ሰዎችን በየተራ ወንበሯ አጠገብ እያስቀመጠች ዝም ማለት ስታስተምር ከረመች። አጭር ተናገር፣ ጨርሻለሁ በል፣ ዝም በል፣ ዝጋ። ከሁሉም የከበዳቸው ሦስተኛው ነው። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ደብዳቤው ወጥቶ ይሆን እያለች ታስብ ነበር፤ ባሏም ፊቷን አይቶ «ምሳ ደርሷል ወይ» ማለቱን ለጊዜው ተወው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የዚያ ዋናው ቧንቧ ሥራ ሊጠናቀቅ ደረሰ። ኃላፊው ከመኪናው ውስጥ ደወለ፤ ስልኩ መጀመሪያ ጠረጴዛዋ ላይ ጠራ።

«ማዕከል፣ ሠራተኞቹን ላመሰግን ነበር። መግባት ይቻላል?»

«ገና ሰው አለ ጌታዬ። ይጠብቁ።»

ጠበቀ። እውነቴን ነው፣ ያ ችኩል ሰው ስድስት ደቂቃ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። በያጁ «ወጥቻለሁ፣ ከነጫማዬ» አለ። «ጋሽ ቀስ፣ ክፈት» አለች። ስልሳው ዙር አልቆ ውሃው እያጓራ ካለፈ በኋላ የኃላፊውን መስመር ወደ ሬዲዮው አሳለፈችው።

ኃላፊው ሁሉንም አመሰገነ። ጨርሻለሁ ይላል ስትል ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሌላም አለኝ። ማዕከልን ወደ መዝገብ ቤት የሚያዛውር ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ያሰብኩት የተሳሳተ ነው፤ ቀድጄዋለሁ። ለብቻዋ ልነግራት እችል ነበር፤ ግን ሕይወቱን በእጇ ያኖረ ሰው ሁሉ ይስማው ብዬ ነው። ጨርሻለሁ።»

አሥራ አራቱም መኪና ሰማ። ሽማግሌው ጠባቂም ተራቸውን ሲጠብቁ በልጃቸው ስልክ ሰሙ። ከዚያ ሁሉም መልሷን መጠበቅ ያዘ። እሷ ጣቷን አዝራሩ ላይ አድርጋለች፤ ግን አልተጫነችውም። እንባዋ በአገጯ እየወረደ መዝገቡ ላይ ይንጠባጠባል።

«ማዕከል፣ ማዕከል፣ ይሰማል?» አለ ኃላፊው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማዕከል ተጠርታ ሳትመልስ ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሰምታለች ጌታዬ» አለ በያጁ ከጉድጓዱ አፋፍ። «ትንሽ ዝም እንበልላት።»