እሑድ እሑድ የምትበራዋ መብራት

ባለፈው ሳምንት ያቭኔ ከተማ መግቢያ ላይ ከመኪናዬ መሪ ኋላ ብርቱካንማ መብራት ቦግ አለች። ምን እንደሆነች ገና ሳላውቅ፣ በቅርቡ ዘይት የቀየረልኝን ሰው በሆዴ መጠርጠር ጀመርኩ። ወዲያው አፈርኩ። ልጆች ወልጄም ይቺ አመል አልለቀቀችኝም! መኪናዬን ዳር ይዤ አቆምኩና የድሮ ጓደኛዬን አስማረን አሰብኩት።

ኮሮና ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከእስራኤል ሠራዊት ወጥቼ አንዲት ያረጀች ቴንደር ገዛሁ፤ ኋላዋ ክፍት የሆነችውን ትንሽ የጭነት መኪና እዚህ እንዲያ ነው የምንላት። ከቤኤር ቱቪያ መጋዘኖች ዕቃ እየጫንኩ ገዴራና ያቭኔ ላሉ ሱቆች አደርስ ነበር። ቂርያት ማላኪ በአይብ የተሞላ ትኩስ ቡሬካስ እገዛና በአንድ እጄ እየበላሁ እነዳለሁ። በመጋቢት የብርቱካኑ አበባ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ እውነቴን ነው፣ ሥራ ላይ ያለሁም አይመስለኝም።

ከዚያ ያቺ መብራት መጣች። እሑድ ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ትበራለች፤ ማክሰኞ ላይ ራሷ ትጠፋለች።

አስማረ በሠራዊት አንድ ድንኳን አብሮኝ ያደረ የገዴራ ልጅ ነው። ያቭኔ ትንሽ ጋራዥ ከከፈተ ገና ስድስት ወሩ ነበር። ደንበኞቹ እንደ እኛ ከኢትዮጵያ የመጡ የኛው ሰዎች ናቸው፤ የሚመጡለትም አንዱ ለሌላው «አስማረ ታማኝ ነው» ስላለ ብቻ ነው። ስሙ ከጠፋ ጋራዡም አለቀለት። ይህን እሱም እኔም እናውቃለን።

ረቡዕ ረቡዕ እወስድለታለሁ። ኮምፒውተሩን ይሰካና «ሴንሰሯ ነች፣ አሂ፣ ወንድሜ» ይለኛል። ሴንሰሯን ቀየረ፤ እሑድ በራች። ሽቦዋን ቀየረ፤ እሑድ በራች። በሦስተኛው ጊዜ ዓይኔ ከእጁ አልነቀል አለ። ውሃ ግዛልኝ ብሎ ሲልከኝ እንኳ «ምን ሊፈታ ነው የሚያርቀኝ?» እያልኩ ከመንገድ እመለሳለሁ። በአራተኛው የሽቦዋን መሰኪያ ነቅሎ አሳየኝ። ውስጧ አረንጓዴ ዝገት ይዟል።

«ይህን ሞተር ማነው በውሃ የሚያጥበው?» አለኝ።

«ደግሞ ሞተር የሚያጥብ ማን አለ? የምትለው ብታጣ ነው!»

«ቤሰደር፣ እሺ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ደግሞ አለመከራከሩን ጥፋቱን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

በማግስቱ ቂርያት ማላኪ ሠርግ ነበር። ዶሮ ወጥ እየበላን አንድ ዘመዴ መኪናውን ለአስማረ ሊያሳይ እንዳሰበ አወራ።

«ተወው!» አልኩ። «ሆን ብሎ እያላላ ነው የሚያመላልሰን።»

«የሚያመላልሰን» አልኩ እንጂ «የሚያመላልሰኝ» እንኳ አላልኩም። ጠረጴዛው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሲያዳምጠኝ፣ ወይ እኔ፣ ደስ አለኝ።

ዓርብ ከሥራ እንደወጣሁ ቴንደሯን ቤት አቁሜ ኳስ ልጫወት እሄድ ነበር። በዚያ ዓርብ ግን ጫማዬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። ከብሎካችን ሥር አባቴ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ የቴንደሯን ኮፈን ከፍተው፣ አትክልት በሚያጠጡበት ጎማ ሞተሩን ያጥባሉ። በሳሙና!

«አባዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ነገ ሰንበት አይደለም እንዴ?» አሉኝ፤ መጮሄ ገርሟቸዋል። «አንተ ላይዋን ብቻ ታብሳለህ። ውስጧ እንዳደፈ ሰንበት ትገባለች?»

ጎንደር እያሉ ዓርብ ሰው ሁሉ ወንዝ ወርዶ ገላውንም ልብሱንም አጥቦ ነው ሰንበትን የሚቀበለው። ቴንደሯ ደግሞ ቤታችንን የምታበላ ናትና ከቤተሰቡ ለይተው አላዩዋትም። ለካ በየሳምንቱ በትርፉ ቁልፍ እየከፈቱ ሲያጥቧት ኖረዋል! ዓርብ መሰኪያዋ ውስጥ የገባው ውሃ ነው እሑድ መብራቷን የሚያበራው፤ ማክሰኞ ሲደርቅ ትጠፋለች። ምን ልበላቸው? ኮፈኑን አብሬያቸው ዘጋሁና ከእንግዲህ እኔ አጥባታለሁ አልኳቸው።

በቀጥታ ወደ ያቭኔ ነዳሁ። አስማረ ጋራዡን ሊዘጋ ሲል ደረስኩና ነገርኩት። ከልቡ ሳቀ። ከዚያ የሠርጉን ነገርኩት። ሳቁን አቆመ።

«ስንት ሰው ሰማህ?»

«አንድ ጠረጴዛ ሙሉ።»

«በል ሂድና ንገራቸው» አለኝ። «አባትህን ግን እንዳታነሣ። በስንት ሽምግልና የተከበሩ ሰው ናቸው፣ መሳቂያ አታድርጋቸው።»

ቤት ለቤት ዞርኩ። «ተሳስቼ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። በምን ተሳሳትክ ሲሉኝ የአባቴን ነገር ማንሣት ስለማልችል «ብቻ ተሳስቼ ነው» እላለሁ። «ጓደኛህ ስለሆነ ነው፤ ይገባናል» እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። መብራቷ ዳግም አለመብራቷን ሲሰሙ ደግሞ «ያው፣ ሲነቃበት ተወ» አሉ። ባስተባበልኩ ቁጥር ባሰ። ዓመት ሳይሞላ አስማረ ጋራዡን ዘግቶ ቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ገባ።

አባቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አስማረ ለቅሶ መጥቶ ሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጠና «እንደሳቸው ንጹሕ ሰው አላየሁም» አለ፤ ሁሉም «እውነት ነው» አሉ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አሁን ብናገር የሚያፍሩብኝ አባት የሉም፤ ጋራዡም ግን የለም፤ እና ለማን ብዬ ነው የምናገረው? አስማረ ዛሬም ባገኘኝ ቁጥር አቅፎ ይስመኛል፣ ልጆቼን በየስማቸው ይጠይቀኛል። ስለ መኪናዬ ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።