የፈረምንበትን ዓሣ ማን ይብላ?

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ላይ ነው። ነቀምቴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ብዙ ስብሰባ ተቀምጬ ብዙውን ረስቻለሁ። የዚያን ቀኑን ምሳ ግን ባስታወስኩት ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

ከጉቴ አለፍ ብላ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ በላይ ቡና ማጠቢያ አለ። ከማጠቢያው በታች ባለው ወንዝ ዓሣው አለቀ የሚል አቤቱታ ሲበዛ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። አራት ነበርን። ሦስቱ ኮሚቴውን ካቋቋመው ቢሮ ናቸው፤ እኔ «ባለሙያ» ተብዬ ተጨመርኩ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ሰብሳቢያችን ከመኪና አልወረደም። ጫማው አዲስ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሽታው ሲመታው መልሶ ዘጋው። ለእሱ ማጣራት ማለት ይኸው ነበር።

እኔ ወረድኩ። ውሃው ጠቁሮ አረፋ ይዟል፤ ሽታው እንደ ተበላሸ ጠላ ይኮመጥጣል። ጭቃ የማይገድለው አምባዛ ዓሣ እንኳ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ዳር ዳሩን ተንሳፍፏል። ድንጋይ እየገለበጥኩ አየሁ። ከሥሩ የሚንቀሳቀስ አንድ ትል አልነበረም።

ኦቦ ጉተማ የሚባሉ የአካባቢው ገበሬ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ባርሲሳ፣ ከብቶቼ ያሸቱትና ይመለሳሉ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «ከብት ባንዴ ያወቀውን እናንተ ለማወቅ ስንት ቀን ይፈጅባችኋል?»

ጎንበስ ብዬ ሌላ ድንጋይ ገለበጥኩ።

ከዚያ ወደ ከተማዋ ወርደን አዴ ብርቄ ምግብ ቤት ገባን። አዴ ብርቄ ጠና ያሉ፣ ቤቱን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። ገና ሳንቀመጥ ሰብሳቢውን «ውሃው ተበላሽቷል የሚሉት እውነት ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ወሬ ነው አዴ። ደህና ነው» አላቸው። ፊታቸው ፈካ፤ ወደ ጓዳ ገቡ።

እኛ ቃለ ጉባኤውን ጀመርን። የቡናው ልጣጭ ፍሳሽ ውሃው ውስጥ ሲበሰብስ አየሩን እንደሚጨርሰው፣ ዓሣው ታፍኖ እንደሚሞት አስረዳሁ።

«ስለዚህ መርዝ አይደለም?» አለኝ ሰብሳቢው።

«መርዝነትም አለው፤ ግን...»

«የአየር እጥረት ነው አልክ አይደል? በቃ።»

እናም «ዓሦቹ በአየር እጥረት ሞተዋል፤ ፍሳሹ ጉዳት ማድረሱ አልተረጋገጠም» ተብሎ ተጻፈ። ሦስቱ ፈረሙ። ብዕሩ እኔ ጋ ሲደርስ እኔም ፈረምኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ወዲያው አዴ ብርቄ በሁለት ትሪ የተጠበሰ ዓሣ ከነዳጣው ይዘው መጡ።

«ከየት የመጣ ዓሣ ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«ከዚሁ ከወንዛችን። ጠዋት ገዝቼው ወሬውን ስሰማ ልደፋው ነበር። እርስዎ ደህና ነው ሲሉኝ ለእናንተ ጠበስኩት።»

ማንም እጁን አልዘረጋም። ሰብሳቢው «እኔ ጾም ጸሎት ይዣለሁ» አለ። ጠዋት ነቀምቴ ላይ ጨጨብሳውን በማር ሲጠራርግ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሁለተኛው ጨጓራውን ያዘ። ሦስተኛው ያልጠራ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጣ። እኔ ትሪውን አያለሁ።

አዴ ብርቄ አጠባበሳቸው የከፋ መስሏቸው አፈሩ። «እንግዲያው ልጆቼ ይብሉት» ብለው ትሪውን አነሱ።

ያኔ ነው አንደበቴ የተፈታው። «አዴ፣ እንዳይሰጧቸው። ወንዙ ተበክሏል።»

ትሪውን ከፈረምንበት ወረቀት አጠገብ መልሰው አስቀመጡት። «አሁን ደህና ነው ብላችሁ ፈርማችሁ የለም እንዴ?»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ወረቀቱ ስለ ውሃው ነው እንጂ ስለ ዓሣው አይደለም።»

ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞሩ። «ታዲያ ኦቦ፣ ዓሣው የሚኖረው ዛፍ ላይ ነው?» አሉት። ከዚያ ዓሣውን ይዘው ወጡና ከጓሮ ጉድጓድ አስቆፍረው ቀበሩት። ሽሮ ልሥራላችሁ እንኳ አላሉንም።

ፊርማዬን ልሰርዝ ብዬ ሰብሳቢውን ወረቀቱን ጠየቅኩት። ቦርሳው ውስጥ ከትቶታል። «ተፈርሟል እኮ» አለኝና ወደ መኪናው ሄደ። እኔም ተከትዬ ገባሁ።

በሳምንቱ ያየሁትን ሁሉ በደብዳቤ ጽፌ ለቢሮው አስገባሁ። መዝገብ ቤት ማኅተም መቱበት። መልስ እስከ ዛሬ የለም፤ ማጠቢያው ዘንድሮም ቡና ያጥባል።

ሰብሳቢውን ከተማ ውስጥ አገኘዋለሁ። «አከም፣ አከም» ተባብለን እንተላለፋለን። እንቀዋለሁ፤ ግን ከእሱ የባሰ የምንቀው ሰው አለኝ። ዓሣ በፍሳሽ ለምን እንደሚሞት በየዓመቱ በፈተና እጠይቃለሁ። አንድ ተማሪ እኔ የፈረምኩበትን ዓይነት መልስ ቢጽፍልኝ የምሰጠው ዜሮ ነው።