ብርድ የመታው ባትሪ

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለ አንድ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል፤ እኔና እኅቴም ከልጅነታችን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም። እኔ በቅኔው አልገፋሁም። ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ በመንገድ ሥራ ካምፕ ጄኔሬተርና መስመር ስጠግን ኖርኩ። ይህን ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም።

ካምፑ ሲፈርስ መሐንዲሶቹ ያድሩበት የነበረውን ተሳቢ ቤት ገዛሁት። ጎማ ያለው፣ በመኪና የሚጎተት፣ አልጋና ትንሽ ማብሰያ ያለው አንድ ክፍል ነው። ሰሜን ተራራን ሊያይ የሚመጣ ቱሪስት አሳድርበታለሁ ብዬ ነበር። ጦርነቱ መጣ፣ ቱሪስቱ ቀረ፤ ተሳቢው ደባርቅ ግቢዬ ውስጥ ተገትሮ ዶሮ ይፈለፈልበት ጀመር።

የኔታን የያዛቸው የሳንባ ሕመም ነው። ጎንደር ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ ሐኪሙ እኔንና እኅቴን ለብቻችን ጠራንና ከእንግዲህ ያለ ኦክስጅን መኖር እንደማይችሉ ነገረን። ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጣራ በቀጭን ቱቦ አፍንጫቸው የሚያደርስ ማሽን ያስፈልጋል አለ፤ በዘመድ በወዳጅ ተሯሩጠን አገኘነው። «ከተቻለ ደግሞ ወደ ቆላ ይውረዱ» አለን፤ «የደጋው አየር ስስ ነው።» እኅቴ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ቆላ፣ አዲ አርቃይ አግብታ የወለደች ናት። ሐኪሙ ሳይጨርስ «እኔ ቤት ይሁኑ» አለች።

የኔታ ግን እምቢ አሉ።

«ወንበሬን ሳላስረክብ የትም አልሄድ» አሉ። በቅኔ ቤት ወንበር ማለት የማስተማር ሥልጣን ነው፤ መምህሩ ለተተኪው በጉባኤ ፊት ያስረክበዋል። የሳቸው ተተኪ ትምህርቱን ለመጨረስ ጥቂት ይቀረው ነበር። «አንድ ወር ስጡኝ። ከዚያ ወዲያ ቆላም ቢሆን መቃብርም ቢሆን እወርዳለሁ።»

ደብሩ መብራት የለውም። ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም። እኅቴ ስታለቅስ፣ እኔ ተሳቢውን አሰብኩ።

እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ወቅት የለም። ተሳቢው ሁለት አሮጌ የአሲድ ባትሪዎች ነበሩት፤ ማሽኑን ሰክቼ ብሞክራቸው ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላቸው ሞቱ። ነቅዬ ጣልኳቸው። አሲዱ የበላውን ብረት ሞረድኩ፤ ቀጫጭኑን ሽቦ ሁሉ መዝዤ በወፍራም ለወጥኩ፤ ጣሪያው ላይ አራት የፀሐይ ፓኔል አሰርኩ፤ የባትሪውን ኃይል ወደ መብራት የሚለውጥ አዲስ ኢንቨርተርና ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚያሳይ መቆጣጠሪያ ገጠምኩ። ከዚያ ጎንደር ወርጄ ሁለት ሰው የሚሸከመው ትልቅ የሊቲየም ባትሪ ይዤ ተመለስኩ።

ሻጩ ባትሪውን መኪና ላይ ሲጭንልኝ «ስማኝ ወንድሜ» አለኝ። «ይሄ ባትሪ ብርድ አይወድም። ውርጭ ከመታው ቻርጅ አይቀበልም፤ ራሱን ይዘጋል። ቤት ውስጥ አስቀምጠው።»

«እኛ እኮ አውሮፓ አይደለንም» አልኩት እየሳቅሁ።

«ደባርቅን አውቀዋለሁ» አለኝ። እሱ አልሳቀም።

ውስጥ ላስቀምጠው አስቤ ነበር። ነገር ግን ከአልጋው ሥር የቀረችውን ቦታ የኔታ ለመጻሕፍታቸው ፈለጓት። የድሮዎቹ ባትሪዎች የነበሩበት የብረት ሳጥን ደግሞ ከተሳቢው ፊት ለፊት፣ ውጭ፣ ተዘጋጅቶ ቆሟል። እዚያ አስገባሁትና ቆለፍኩት። ግቢዬ ውስጥ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሞከርኩት፤ ማሽኑ አንድ ጊዜም አልቆመም። የግቢዬ አጥር ነፋሱንም ብርዱንም እንደሚከላከል አላሰብኩም። እኅቴ «ታምነዋለህ?» ስትለኝ «እንደ ራሴ» አልኳት።

ተሳቢውን አንድ የጭነት መኪና ጎትቶ ደብሩ አጠገብ ከነበረ ሜዳ ላይ አቆመልንና ተመለሰ። እኅቴም ልታስታምማቸው አብራን ቀረች። የኔታ አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለው፣ በሩ ተከፍቶ፣ ተማሪዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጉባኤው ቀጠለ። ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ነው፤ ድምፃቸው ቀጥኗል፤ ግን ቤቱ የተሳሳተ ቅኔ ሲሰሙ እንደ ጥንቱ በጣታቸው የአልጋውን ብረት ይመቱ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ይህ የገጠምኸው ነገር ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።

«ሊቲየም ይባላል የኔታ።»

«ሊቲየም» አሉ ቀስ ብለው፣ አፋቸው ውስጥ እያመላለሱ። «ደኅና አድርገህ ሠርተሃል።»

አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ውጭ ወጥቼ የጠበቀውን ብሎን እንደገና አጠበቅሁ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ኅዳር ውስጥ፣ ያለ ወቅቱ ደመና መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ አላየንም። ባትሪው እያነሰ ሄደ፤ ቢሆንም ነገ ይገለጣል እያልኩ ቆየሁ። በሁለተኛው ቀን ምሽት እህሉን ሊያይ የመጣ አንድ ገበሬ ሰማዩን ቀና ብሎ አየና «ተገለጠ፤ እንግዲህ ውርጩን ይጥለዋል» አለኝ። እኔ የሰማሁት «ተገለጠ» ያለውን ብቻ ነው።

ንጋት ላይ ሜዳውን በውርጭ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ሣሩ ከእግሬ ሥር ይሰበራል። ፀሐይዋ ወጥታ ፓኔሎቹ ላይ ታበራለች፤ እኔም ደስ ብሎኝ መቆጣጠሪያውን ልየው ብል፣ ወደ ባትሪው የሚገባው ዜሮ ነው። ሽቦውን ነካካሁ፣ ፊውዙን አየሁ፤ ደኅና ናቸው። የብረት ሳጥኑን ከፍቼ ባትሪውን ስዳስሰው እጄን በረደኝ። ያን ጊዜ የሻጩ ቃል መጣብኝ።

ወዲያው ውስጥ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ባትሪው አልቋል።

ለክፉ ቀን ብለን የያዝናት አንዲት ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ነበረች። እኅቴ ቱቦውን ወደሷ አዞረች። እኔ ስልኩ ወደሚይዝበት ድንጋይ ሮጬ ለሻጩ ደወልኩ፤ ካነሳሁት መስመሩ ስለሚቋረጥ ድምፁን ከፍ አድርጌ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። «ነግሬህ አልነበር እንዴ!» አለኝ። «አሙቀው! ግን እሳት እንዳታቀርብበት። ቀስ ብለህ አሙቀው።»

የኔታን የሚተካው ተማሪ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ አብሮኝ ተሸክሞ ባትሪውን ወደ ውስጥ አስገባነው፤ ሽቦውን እንደገና አገናኘሁት። እኅቴ ለሌላ ጉዳይ የጣደችውን ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ በዙሪያው ደረደረች።

የኔታ «ምን ሆነ?» አሉ።

«ብርድ መትቶት ነው የኔታ።»

«ምን ይፈልጋል?»

«ሙቀት።»

«እኔም እሱኑ ነው የምፈልግ» አሉና ከትከሻቸው ላይ ባናቸውን ገፈው ሰጡኝ። አልቀበልም አልኩ። «ውሰድ» አሉኝ፣ በጉባኤ ድምፃቸው። ያንን ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ ወስጄ ባትሪውን ጠቀለልኩት፤ እኅቴም ነጠላዋን አውልቃ አባቷን አለበሰች።

ሲሊንደሯ ባትሪው ሳይነቃ አለቀች። ስንት ደቂቃ እንደነበረ እኅቴ ሃያ ትላለች፣ እኔ ሰዓት የማይበት ልብ አልነበረኝም። የኔታ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ያዙ። ከንፈራቸው ጠቆረ። ተማሪው ከኋላ ደገፋቸው። ከውጭ ያሉት ተማሪዎች ዜማቸውን አቁመው ነበር፤ የኔታ አንድ እጃቸውን አንስተው ቀጥሉ የሚል ምልክት አሳዩ፤ ማንም ግን አልቀጠለም። እኔ ፊታቸውን ላለማየት ዓይኔን ከመቆጣጠሪያው ላይ አልነቀልኩም።

ዜሮው ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አምስት ተለወጠ። ጥቂት ቆይቶ ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኸና መተንፈስ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ፣ የኔታ ሲተኙ፣ እኅቴ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ደመናው ነው። ሁለት ቀን ፀሐይ አጣ።»

«ደመናው ነው?»

«ደመናው ነው እትዬ።»

ብዙ አየችኝ። ከዚያ ጠርሙሶቹን መሰብሰብ ጀመረች። የዚያኑ ዕለት መጻሕፍቱን አውጥቼ ለተማሪው አደራ ሰጠሁና ባትሪውን ከአልጋው ሥር አደረግሁት።

ወንበሩን በሳምንቱ አስረከቡ፤ ካሰቡት ቀድመው፣ በአጭሩ። ከዚያ ሊማሊሞን ወርደን አዲ አርቃይ አደረስናቸው። ሙቀቱን ጠሉት፤ ትንፋሻቸው ግን ቀለል አለላቸው። እኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄድኩ አያቸው ነበር። በሄድኩ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እገባለሁ፤ ጉልበታቸውን ስሜ፣ ስለ ማሽኑ ተጠይቄ፣ ሳልናገር እወጣለሁ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ዐረፉ። ያቺ ጠዋት ከዕድሜያቸው ቀንሳባቸው እንደሆነ ሐኪሙን ጠየቅሁት። «ይህን ማንም ሊነግርህ አይችልም» አለኝ። እንዲያውም «አዎ» ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

አርባቸው በወጣ ማግስት እኅቴ ቤት፣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ነገርኳት። ሻጩ እንዳስጠነቀቀኝ፣ እንደሳቅሁበት፣ እንደዋሸኋት። እስክጨርስ ድረስ የተበደርናቸውን ብርጭቆዎች ታጥብ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «ሻጩ በስልክ ሲጮህብህ፣ ድንጋዩ ጋ ከኋላህ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትናገር ነዋ። ለሳቸው ብትነግራቸው ኖሮ ይቅር ይሉህ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ሰጠሁህ።» አንዱን ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው። «እኔ እንደሳቸው አይደለሁም።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። ለበዓል ሰሊጥ ትልክልኛለች፤ እኔም ከደጋ ባቄላ እልካለሁ። ወደ ደባርቅ ግን አልመጣችም። ባለፈው ጥር መንገዱ ሲከፈት ሄጄ ነበር። ምሳ አቀረበችልኝ፣ ጨምር አለችኝ፤ ስለ ከብቶቿና ስለ ልጇ ጋብቻ አወራን። ስነሳ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። «ሲመሽብህ መንገዱ ጥሩ አይደለም፤ ቶሎ ግባ» አለችኝ። ሌላ የምትለው ያለ መስሎኝ ጥቂት ቆምኩ። አልነበረም።