በእህቴ መዝሙር የሳቁ ሰዎች

ታናሽ እህቴ ሶዶ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ናት። ወላይትኛ ቃና ባለው አማርኛዋ የዘመረችበትን ቪዲዮ ሰዎች ቆራርጠው ቴሌግራም ላይ መሳቂያ አደረጉት። አንዳንዶቹ ስልክ ቁጥሯን ለጥፈው እየደወሉ ያስፈራሯት ጀመር። ከቤት መውጣት ስትተው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

"የሳቁትን ሁሉ ይከሳሉ እንዴ?" አለኝ መርማሪው።

"ሁሉንም!" አልኩ። ወዲያው ግን የራሴ ቀልዶች ትዝ አሉኝ። እኔም ውሃ በጠፋ ቁጥር ፌስቡክ ላይ በከተማው የውሃ ኃላፊዎች እቀልዳለሁ። የክሱን ወረቀት ሳልፈርም ተመለስኩና እህቴን ጠየቅኳት።

"እትዬ፣ በአማርኛዬ ይሳቁ" አለችኝ። "የሚያስፈራሩኝን ግን ክሰሺልኝ።"

በማግስቱ እነሱን ብቻ ከሰስኩ። ቁጥሯ ከቴሌግራም ገጹ ተነሳ፤ እሷም መዘመር ቀጠለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ በኃላፊዎቹ ላይ አንድ ቀልድ ለመለጠፍ፣ ሰው ይጎዳ ይሆን እያልኩ ደጋግሜ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ።