የእድሩ ብረት ድስትና የእኛ ፓንክ ባንድ

መጀመሪያ የባንዳችንን መሣሪያ ልንገራችሁ፣ አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ እኛም ስቀናል።

ጊታሩ የኔ ነው። የሠርግ ሙዚቀኛ የሆነ ጎረቤታችን ኪቦርድ ሲገዛ ጊታሩን ለኔ ተወልኝ። ስድስት ክር ሊኖረው ሲገባ አምስት ብቻ ነው ያለው፤ ስድስተኛውን ከባጃጅ ፍሬን ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን ሽቦ ፈትቼ ሠራሁለት። ስመታው እንደ ተራበ ጅብ ይጮኻል፣ ማለትም ለፓንክ አንደኛ ነው። ድምፅ ማጉያችን የአጎቴ ሜጋፎን ነው። አጎቴ ከዓለም ጤና ሽንኩርት እያመጣ አዳማን እየዞረ ይሸጣል፤ ቁልፍ ከተሳሳትን ውስጡ የተቀዳው የአጎቴ ድምፅ "ቀይ ሽንኩርት! የዓለም ጤና ቀይ ሽንኩርት!" እያለ ዘፈናችን መሀል ይገባል። ቁልፉን በፕላስተር ጠቅልለን አፈንነው። ቤዝ ጊታራችን ደግሞ ቤዝ ክራር ነው። የምትጫወተው የክፍሌ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ መዘምራን ውስጥ ያደገች። ከሦስታችን ሙዚቃ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ ግን ይቅር ብለናታል።

ከበሮው የእድሩ ነው።

አባቴ የሠፈራችን እድር ዕቃ ያዥ ነው። ግቢያችን ጥግ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሰው ሲሞት የሚወጣው ዕቃ ሁሉ ይቀመጣል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትሪው፣ ብረት ድስቱ። ሰው ካልሞተ ክፍሏ የእኛ ስቱዲዮ ናት። ከበሮ መቺያችን የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። እናቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ትሰፋለች፣ ልጅቷ ደግሞ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ትመታለች። ድስቶቹን ደፍታ በሁለት ዱላ ስትወርድባቸው ሟቾቹ ራሳቸው ተነስተው "ኧረ ቀስ!" የሚሉ ይመስለኛል።

የጎደለን ሲምባል ነበር። የትልቁ ድስት ክዳን ሲመታ "ጺሽሽሽ" እንደሚል ደረስንበት፤ ግን ክዳኑ ካልተንጠለጠለ አይጮኽም፣ ካልተበሳ ደግሞ አይንጠለጠልም። ሦስታችንም ተያየን። ምስማርና መዶሻ አባቴ ሳጥን ውስጥ አለ። እኔ ያዝኩ፣ ከበሮ መቺዋ መታች።

"አንድ ቀዳዳ ናት፣ ማን ያያታል?" አልኩ። ለቅሶ የሚመጣ ሰው ዓይን የለውም ብዬ ይሆናል።

ይሄ ሁሉ ለቅዳሜ ነበር። በትምህርት ቤታችን የዓመት መዝጊያ ላይ አንድ ዘፈን ተፈቅዶልናል። የሚኒ ሚዲያው መምህር "መሣሪያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከበሮ ከሌላችሁ ቦታው የነዚያ ነው" ብሎ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወንዶች ጠቆመ። እነዚያ ፍላሽ ሰክተው አፋቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱ ናቸው። ለነሱ ቦታዬን ከምለቅ ፀጉሬን ብላጭ ይሻለኛል።

ማክሰኞ ጠዋት የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ከላይ ሠፈር አንድ ሽማግሌ አርፈው ነበር። ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ክዳኑን ነው።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ ድስቶቹ በጋሪ ሄደዋል። ሦስታችን ያዘንን መስለን ለቅሶ ቤቱ ጓሮ ደረስን፣ ክዳኑን ልንደብቅ። ረፍዷል። ትልቁ ድስት ምስር ይዞ ተጥዷል፣ በቀዳዳችን በኩል እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል። የእድሩ ሊቀመንበር ከዘራቸውን ወደዚያው ቀስረው ቆመዋል።

"ዕቃ ያዥ! ምንድነው ይሄ?"

አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። ዕቃ ያዥነቱን ይወደዋል፤ የክፍሏን ቁልፍ ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ነው ሠርግ እንኳ የሚሄደው።

"አይጥ ይሆናል" አለ።

"ብረት የሚበላ አይጥ?"

"የዘንድሮ አይጥ እኮ..."

"ዕቃ መያዝ ካቃተህ ቁልፉን ለሌላ ሰው እንሰጣለን።"

ከበሮ መቺዋ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ማል ጎና?" አለች፣ ምን እናድርግ ማለቷ ነው፤ ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋታል። ዝም ካልኩ ቁልፉ ከአባቴ እስኪወሰድ ድረስ ቅዳሜ ይደርስልናል። ከተናገርኩ ክፍሏም ከበሮውም አበቃላቸው። አባቴን አየሁት፤ በጣቱ ቁልፉን እየዳበሰ ነበር።

"እኔ ነኝ የበሳሁት፣ ጋሼ" አልኩ።

"አንቺ? ለምንሽ?"

"ለሙዚቃ። ሲመታ ድምፁ ያምራል።"

"በለቅሶ ድስት? ምን የሚሉት ሙዚቃ ነው?"

"ፓንክ።"

"እሱ ደግሞ ምንድነው?"

ያቺ ዝምተኛዋ ድንገት ተናገረች። "ጩኸት ነው፣ ጋሼ።"

"እናንተ ናችሁ እንዴ? እኔ እኮ ሠፈሩ ውስጥ ብየዳ ቤት የተከፈተ መስሎኝ ነበር!"

ይሄኔ ወጥ ሠሪዋ፣ ሊቀመንበሩም ሳይቀሩ የሚፈሯቸው ሴትዮ፣ ጭልፋቸውን ይዘው መጡ።

"ይተዉአቸው እንጂ! ይሄ ድስት ስንት ዘመን ሲገነፍልብኝ ኖሯል። ዛሬ እንፋሎቱ በዚህች ወጣ፣ ምስሬ አርፎ በሰለ። ነይ አንቺ፣ የሌሎቹንም ክዳን ብሺልኝ።"

ሊቀመንበሩ ጭልፋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፈረዱ። ቁልፉ አባቴ ጋ ይቆያል። እኛ የቀሩትን ክዳኖች እንበሳለን። ከዚያ ወዲያ ግን ጣታችን የእድር ዕቃ እንዳይነካ።

በራችን ጋ ስንደርስ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"አይጥ ነው ስል ዝም ብትይ ምን አለበት?"

"ማንም አላመነህም እኮ፣ አባዬ።"

"አንድ ሁለት ሰው አምኖኝ ነበር" አለ፣ ከልቡ።

ቅዳሜ ሦስት ቢጫ ጀሪካን ይዘን ሄድን። አንዱ ውሃ ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ባዶ፤ ድምፃቸው ይለያያል። መምህሩ ዞሮ ዞሮ አያቸው።

"ከበሮ ይሄ ነው? ሲምባሉስ?"

ከበሮ መቺዋ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋችና "ጺሽ!" አለች።

መምህሩ ፊቱን በመሀረብ ጠረገ። "ውጡ" አለ፤ ወደ መድረኩ ማለቱ ነበር።

ዘፈናችን ስድስት ቃል ነው፤ "ውሃ መጣ፣ ባልዲ አምጡ፣ ውሃ ሄደ"። እኔ በሜጋፎኑ ጮኽኩ፣ ጊታሬ ጮኸ፣ ጀሪካኖቹ ተንቀጠቀጡ፣ ከበሮ መቺዋ በየመሀሉ "ጺሽ! ጺሽ!" እያለች ማይኩን በምራቅ አጠበችው። ግማሽ ውሃ የያዘው ጀሪካን ተገልብጦ ውሃው መድረኩ ላይ ፈሰሰ። ፊት የተቀመጡት ወላጆች ጆሯቸውን ያዙ፣ ኋላ ያሉት ልጆች ወንበር ላይ ወጡ። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አለቀ።

መምህሩ ውሃውን እየዘለለ መጣ። "ጨረሳችሁ?"

"ኧረ ገና ነን! ሁለተኛ ዘፈን አለን" አልኩት።

የለንም። ወደ ሁለቱ ጓደኞቼ ዞርኩና "ያንኑ፣ ግን ፈጠን አድርጉት" አልኳቸው።