የተኮማተረው ጥግ

ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። ዘመሮ ከተማ፣ ጋሽ ደምሴ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ናሙናዎቼን ባንኮኒው ላይ ስደረድር፣ የላስቲክ አበባውን በዚህ፣ እየዘፈነ የሚሽከረከረውን የብርጭቆ ኳስ በዚያ፣ ፍሬሞቹን ከኋላ ሳቆም፣ ከባንኮኒው ሥር የእርጥብ በግ ፀጉር ሽታ ተነስቶ አፍንጫዬን ያዘው። ጋሽ ደምሴ ደብተር ይሸጣሉ፣ ጉርድ ፎቶ ያነሳሉ፣ እኔ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ የስጦታ ዕቃ ይይዛሉ። ፊቴን አይተው አፈሩ።

«ኧረ ተይኝ ልጄ! ባና ነው። ጣሪያው አፍስሶበት ሱቄን በረት አስመሰለው። አንዲት ሴትዮ በብርድ ልብስ ለውጠውኝ፣ ይኸው የሚገዛኝ አጣሁ። አንቺ አገር ላገር ዟሪ አይደለሽ? ወስደሽ ገላግይኝ።»

ጎትቼ አወጣሁትና ዘረጋሁት። ሦስቱ ጥጎች ደህና ናቸው። አራተኛው እሳት እንደነካው ቆዳ ተኮማትሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። ያንን ጥግ ያኮማተርኩት እኔ ነኝ፣ ገና የወተት ጥርሴን ሳልጨርስ።

እኛ ሰፈር ልጅ ልትዳር ሲታሰብ ከድግሱ በፊት የሚታሰበው ባናው፣ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ወፍራም ልብስ፣ ነበር። መንዝ ውርጩ አጥንት ድረስ የሚገባ አገር ስለሆነ፣ ሙሽራ ያለ ባና ወደ ባሏ ቤት መስደድ በክረምት ደጅ እንደማሳደር ይቆጠራል። ሴቶቹ ከየበጋቸው የተሸለተውን ይዘው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ አንዷ ትነድፋለች፣ አንዷ ትፈትላለች፣ አንዷ ምንም ሳትሠራ ወሬውን ታመጣለች፣ ያለሷም ሥራው አይሄድም። እትዬ አስካለ የራሳቸው ልጅ ስለሌላቸው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እኩል ይቆጡ ነበር። ፈትሉ አልቆ ሸማኔው ሠርቶ ሲያመጣው ደግሞ ገና ነው፤ ከሸማኔ የመጣ ባና ልል ነው፣ ነፋስ ያሳልፋል። ስለዚህ ከግቢያቸው በታች ያለው ሰፊ አለት ላይ ይዘረጋና ሙቅ ውሃ እየፈሰሰበት እስኪጠብቅ ድረስ ይረገጣል። ረጋጮቹ እኛ ልጆች ነን። ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን፣ እንፋሎቱ ከጭጋጉ ጋር ተቀላቅሎ እርስ በርስ እስክንጠፋፋ ድረስ እንረግጣለን፤ ከበጉ ፀጉር የሚወጣው ስብ ተረከዛችንን ያለሰልሰዋል። የእግራችን መልክ የሚታየው ያን ቀን ብቻ ነው ብል አልዋሸሁም፤ እናቴ እንዲያውም ማታ እግሬን አይታ የማንን ልጅ ነው ያመጣችሁብኝ ትል ነበር።

ሁሉም ልጅ እየዞረ ነው መርገጥ ያለበት። እኔ መቼ እዞራለሁ! ስሜን ትዕግሥት ብለው ያወጡልኝ ሰዎች ምን እንዳዩ አላውቅም። አብሮ አደጌን ወይንሸትን በዝላይ ልበልጣት አንድ ጥግ ላይ ተተክዬ ስዘል፣ ስዘል ያ ጥግ ተኮማትሮ ቁጭ አለ። ሴቶቹ ጮሁ። የተሠራው ለአንዲት ሙሽራ ነበርና ለእሷ ሌላ ተፈለገላት። እትዬ አስካለ ጥጉን ይዘው ጎተቱት፣ ሳቡት፣ አልሆነም፤ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «እንግዲህ ይሄ ያንቺ ነው፣ አንቺ ወፈፌ! ስትዳሪ ትለብሽዋለሽ። እንዲህ ያለ ባና ሌላ ማን ይወስዳል?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ኮራሁ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው በገባሁ ቁጥር፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት ጥጉን ነካ አድርጌ ነበር የምወጣው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ቤት መቀመጥ አልቻልኩም፣ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እነሳ ነበርና መንገዱን ራሱን ሥራ አደረግኩት። ቀጣሪ የለኝም፣ ደሞዝ የለኝም፤ ከመርካቶ ጅምላ ሻጮች ናሙና ወስጄ ራቤል፣ መሐል ሜዳ፣ ዘመሮ እያልኩ፣ የጀማን ቆላ ተሻግሬ ዓለም ከተማ ድረስ፣ ባለሱቆቹን አሳይቼ ትዕዛዝ እሰበስባለሁ፣ ከሚሸጠው የድርሻዬን አገኛለሁ። የመኪና ረዳቶቹ «የስጦታዋ ልጅ» ይሉኛል፤ ቦርሳዬን አይሱዙ ላይ ሲጭኑ ውስጡ ያለው የስጦታ ሰዓት በራሱ ጊዜ ይደውላል፣ ተሳፋሪው ይስቃል። እወደዋለሁ ይሄን ሥራ። እንደ ጉድ የሚሸጥልኝ ደግሞ ባለ ዚፕ ላስቲክ ውስጥ የገባው፣ ከላዩ ቀይ ሪባን የታሰረበት ብርድ ልብስ ነው።

ወይንሸት ልትዳር ሰሞን እትዬ አስካለን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ሸማኔው አርፏል፣ አለቱም ላይ ከተረገጠ ቆይቷል። «ለዚች ልጅ ምን ይዤ ልሂድ?» አሉኝ። «አንቺ የስጦታ ሰው ነሽ፤ ባና ፈልጌ ባመጣላትስ?» እኔም አፌ አያርፍምና፣ «ኧረ እትዬ፣ አሁን ባና ይዞ የሚሄድ አለ? ይስቁብዎታል። ጋሽ ደምሴ ሱቅ ይሂዱ፣ ባለ ሪባኑ አለ» አልኳቸው። ክፋት አልነበረበትም። ለሁሉም ሰው የምለውን ነው ያልኩት፤ ይሄ ነው አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ።

በሠርጉ ዕለት ስጦታ የሚጠራው ሰው ያን ብርድ ልብስ ከፍ አድርጎ «ከእትዬ አስካለ፣ ከነሪባኑ!» ሲል ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ፤ ከሁሉ በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ። በኋላ ወይንሸትን ልጠይቃት ስሄድ ከነላስቲኩ፣ ከነሪባኑ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። እሷና ባሏ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልለው ነው የሚያድሩት። «ለምን አትለብሱትም?» ብላት እንደ ሞኝ አየችኝ። «ከፍቼው እንዲቆሽሽብኝ? ጌጥ እኮ ነው!» አለች። ያኔ ስቄ ወጣሁ።

እንግዲህ እትዬ አስካለ ያንን ጌጥ ያመጡት በምን እንደሆነ የገባኝ ጋሽ ደምሴ ሱቅ ውስጥ፣ ጥጉን በእጄ ይዤ ነው። የሚዘፍነውን የብርጭቆ ኳስ ለጋሽ ደምሴ ትቼላቸው ባናውን ይዤ ወጣሁ። ሽቅብ ወደ ሰፈራችን ስሄድ አፌ ላይ ብዙ ነገር ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ምላሴ ይቆረጥ፣ ያንን ብርድ ልብስ ማንም አይለብሰውም፣ ይሄን ይልበሱ፣ ብርድ አይምታዎ። መንገዱን በሙሉ ስለማመደው ሄድኩ።

እሳቸው ፀሐይ ፈልገው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ድምፄን ሲሰሙ፣ «መጣሽ አንቺ ዟሪ! ዛሬስ ለማን ልትሸጪኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ባናውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። ሳቃቸው ቆመ። ዓይናቸው ስለማያይላቸው በእጃቸው ጠርዙን ተከትለው ሄዱ፣ አንዱን ጥግ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤ የተኮማተረው ጋ ሲደርሱ እጃቸው እዚያው ቀረ። እኔ የተለማመድኩትን ልጀምር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። «ያንቺን ነው የሰጠሁብሽ። እጄ ላይ ሌላ ምንም አልነበረኝም፤ ባዶ እጄን ሠርግ መግባት ከበደኝ። ብትሰሚ ትቀየሚኛለሽ ብዬ ስፈራ ነበር።»

ይልበሱት ብላቸው እንቢ አሉ፤ የሰጠሁሽን እንዴት እመልሳለሁ ብለው አጣጥፈው፣ ያንን ጥግ ወደ ውስጥ አድርገው እቅፌ ውስጥ አስገቡት። እሳቸው ከኔ ይቅርታ አግኝተው ፊታቸው በራ። እኔ ከሳቸው ሳልጠይቅ ወጣሁ። ስወርድ በአለቱ በኩል አለፍኩ፤ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፣ አንዲት ዶሮ ቆማበታለች። ያኔ አብረን የረገጥነው ልጆች ማንኛችንም ብንመለስ ያንን አለት የምናሞቅበት ፈትልም፣ ሸማኔም፣ እንደ ድሮው የምትቆጣን ሴትም አጥተናል፤ በምትኩ የመጣውንም ያቀረብኩት እኔ፣ ሪባን አስሬበት።

ባናው አሁን የናሙና ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አልደረቀም መሰለኝ፣ አበባዎቹም፣ ፍሬሞቹም፣ ሪባኖቹም በግ በግ ይሸታሉ። ትናንት ራቤል ላይ አንዷ ባለሱቅ የላስቲክ ጽጌረዳውን አሽትታ አፍንጫዋን ያዘች። «ይሄ ምንድነው?» አለች ባናውን ከሥር አይታ። «የኔ ነው፣ አይሸጥም» አልኳት። «ታዲያ ፀሐይ ላይ አስጪዋ፣ ሽታው ይለቅልሻል» አለችኝ።

ቦርሳውን ዘጋሁት።