የዘህራ ቼዝ

«አንቺ ቼዝ የት ታውቂና ነው የምትነካኪው? ወልውለሽ አስቀምጪው!» አለኝ የሆቴሉ ተቆጣጣሪ ፊት ለፊቴ ቆሞ። ዐረብ አገር፣ ጀርወል ሰፈር፣ የእንግዳ መቀበያው ውስጥ ነን፤ የምወለውለው ቼዝ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። እኔ የማውቀውን ቼዝ እሱ በሕልሙም አላየው። እጄ በረኪና በረኪና ይሸታል።

ዘህራም እንደዚሁ ትሸት ነበር። የእናቴ የአገር ልጅ ናት፤ በልጅነቴ ጁምዓ ጁምዓ ተቀጥራ ከምትሠራበት ከማዳሟ ቤት በኒ ማሊክ ሰፈር ወዳለችው ክፍላችን ትመጣለች። ቼዙን የፈጠረችው እሷ ናት። ሰሌዳው የሙዝ ካርቶን ነው። የሽቶ ክዳኗ ማዳም ናት፣ እንዳሻት ትሄዳለች። ዝገታሙ ቁልፍ ከፊል ነው፣ ፓስፖርት የሚይዘው አሠሪ፤ በቆመበት መስመር ሠራተኛ አታልፍም። የቴምር ፍሬዎቹ ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱን እሷ፣ ማዳምንና ከፊልን እኔ እንይዛለን።

«ጫፍ የደረሰችው ንግሥት አትሆንም?» አልኳት።

«ንግሥትነት ምን ያደርግላታል? አገሯ ትግባ!» ብላ ፍሬዋን ከሰሌዳው አወጣቻት።

አንድ ጁምዓ «ዛሬ ካሸነፍኩሽ፣ ወላሂ፣ ፓስፖርቴን ስጠኝ፣ አገሬ ልግባ ብዬ ከፊሌን እጠይቀዋለሁ» አለች። አንድ ፍሬ ብቻ ቀርቷታል። አሳዘነችኝና ቁልፌን ከመንገዷ ዞር አደረግኩላት።

«መልሺው!» ብላ ጮኸችብኝ። «የኔ ከፊል እንዲህ መንገድ የሚለቅ መሰለሽ?»

መለስኩት። አገጯን ይዛ ብዙ አሰበች። ፍሬዋን ወደ ኋላ መልሳ፣ በማዳም ጀርባ አዙራ አወጣቻት። «ኻላስ! አለቀ!» ብላ ሳቀች፤ አባያዋን አራግፋ ሄደች። እንደሷ ያለ ደፋር ሰው አላየሁም። ጠይቃው እንደሁ ግን አላውቅም፤ በሚቀጥለው ጁምዓ አልመጣችም።

«ያላ፣ ቶሎ በይ!» አለ ተቆጣጣሪው።

የቼዙ ጫፍ ላይ የቆመውን ወታደር አንስቼ ከሰሌዳው ውጪ አቆምኩትና የጽዳት ጋሪዬን እየገፋሁ ሄድኩ።